ከከተማ ቆሻሻ ወደ ጓሮ መደብ

በየማለዳው ከሱሉልታ ወተትና ድርቆሽ፣ ከሰበታ ዙሪያ አትክልትና ጭድ፣ ከቡራዩ በኩል ድንችና ማገዶ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይገባል። ኩበቱም በአህያ ጀርባ የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ ይወርዳል። ሲጫንና ሲራገፍ የሚታየው ዋጋው ነው፤ አብሮት የሚሄደው የአፈር ለምነት ግን በየትኛውም ሚዛን ላይ አይወጣም። ከተማዋ ከበላችና ከጠጣች በኋላ የተረፈውን ልጣጭ፣ ቅጠል፣ ገለባና አመድ ከፌስታል፣ ከጠርሙስና ከባትሪ ድንጋይ ጋር በአንድ ገንዳ ቀላቅላ ትጥላለች። ከአፈር የወጣው ወደ አፈር የሚመለስበት መንገድ እዚያ ገንዳ ላይ ይቋረጣል።

ይህ መንገድ እንደገና ይቀጠል ቢባል ከማንም በፊት የሚጠቀሙት በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ የአዲስ አበባ በሮች ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የታየው ለውጥ አንድ ዓይነት ነው። የእርሻ መሬቱ ለመኖሪያ ቤት፣ ለፋብሪካና ለመጋዘን ውሏል። ጥንድ በሬ ጠምዶ ያርስ ለነበረ ብዙ ቤተሰብ ዛሬ የቀረው ጓሮው ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቤት የሠራው ነዋሪም ከቤቱ ጀርባ 40፣ 60፣ ቢበዛ 100 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ አያጣም። ኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ዶሮን፣ ወተትንና ማርን ወደ እያንዳንዱ ግቢ የማስገባት ሥራ ስለሆነ ለጓሮው የሚሰጠው ትኩረት ጨምሯል።

ችግሩ የጓሮው አፈር ነው። ቤት ሲሠራ የላይኛው ለም አፈር ተጠርጎ ይወሰዳል፤ በምትኩ ገረጋንቲና የግንባታ ፍርስራሽ ይደፋል። የግንባታው ሠራተኞች ሲሚንቶ ያቦኩበት ቦታ ላይ በዓመቱ ጎመን ሲተከል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መቅረቱ ሊያስገርም አይገባም። ባለቤቱ ማዳበሪያ ገዝቼ ላስተካክለው ቢልም መንገዱ ጠባብ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል የሚከፋፈለው ማዳበሪያ በቅድሚያ ለማሳ እንጂ ለጓሮ የታሰበ አይደለም። ዋጋውም ቢሆን በውጭ ምንዛሪ የሚወሰን ነው። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት የዓለምን የማዳበሪያ ገበያ ሲያናጋ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም፣ መንግሥት ድጎማ ቢያደርግም፣ ጫናው አርሶ አደሩ ዘንድ ደርሷል። ከዚህም ሁሉ በላይ ገረጋንቲ የተደፋበት ጓሮ የጎደለው ዩሪያ ብቻ አይደለም። ውኃ የሚይዝ፣ ሥር የሚያሳልፍ፣ ትል የሚኖርበት አፈር ነው የጎደለው። ይህን በጆንያ የታሸገ ማዳበሪያ አይሰጥም።

ሒሳቡ

ስለ ኮምፖስት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ወይ በጣም ይጋነናል፣ ወይ በጣም ይናቃል። ሒሳቡን ማስቀመጥ ይሻላል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። በደንብ የበሰለ አንድ ኩንታል ኮምፖስት ግን የሚይዘው አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው፤ ይህም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ሲሆን የቀረው በሚቀጥሉት ዓመታት ቀስ እያለ ይለቀቃል። ስለዚህ በናይትሮጅን ብቻ ከተለካ የአንድ ኩንታል ዩሪያን ቦታ ለመተካት ከ40 ኩንታል በላይ ኮምፖስት ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ሄክታር ስንዴ ያለው አርሶ አደር ይህን ከከተማ አስጭኖ ማሳው ድረስ ላድርስ ቢል የመኪናው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል።

ጓሮ ላይ ሲደረስ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ለአንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ 2 ኪሎ ያህል የበሰለ ኮምፖስት ጥሩ መነሻ ነው። 100 ካሬ ሜትር ላለው ጓሮ 2 ኩንታል ይበቃል ማለት ነው። ይህ በአንድ የአህያ ጋሪ የሚመጣ ጭነት ነው። በተጨማሪም ኮምፖስት ከናይትሮጅን ሌላ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን ይዞ ይመጣል። ባለፉት ዓመታት በተካሄደው የአገር አቀፍ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን በብዙ የአገሪቱ ማሳዎች አንሰው መገኘታቸው ይታወሳል።

ሁለተኛው ሒሳብ የበለጠ ይገርማል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ አንድ ሰው በቀን የሚጥለው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም፤ 0.4 ኪሎ ተብሎ ሊያዝ ይችላል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነው፦ የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ እንጀራ፣ ቅጠል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 2 ኪሎ ቢጥልና ከዚያ 1.2 ኪሎው የሚበሰብስ ቢሆን በዓመት ከ430 ኪሎ በላይ ይሆናል። ክምሩ ሲበሰብስ ክብደቱ ከግማሽ በታች ስለሚወርድ በዓመቱ መጨረሻ በእጅ የሚገባው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ ኮምፖስት ነው። የአንድ ቤት ኩሽና የሚያወጣው ተረፈ ምርት የዚያኑ ቤት ጓሮ ለመመገብ ይበቃል ማለት ነው። ጓሮ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱና የአትክልት ገበያው የሚያወጡት ደግሞ ትርፍ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ሰብስቦ፣ አበስብሶ ለሚፈልግ ሊያድለው የሚችለው ይህንን ትርፍ ነው።

ለምን እስካሁን አልሆነም?

የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲከማች የኖረው ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ቦታ ነው። ቦታው ሲሞላ በሰንዳፋ አካባቢ በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ድጋፍ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወራት ሳይቆይ የአካባቢው አርሶ አደሮች ውኃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችንና ልጆቻችን ታመሙ በማለት ተቃወሙ፤ ሥራው ተቋረጠ፤ ቆሻሻውም ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የረጲው ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩ ቤቶችን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2010 የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ ለማቃጠል የታሰበ ቢሆንም፣ እርጥብ ልጣጭና ቅጠል የበዛበት ቆሻሻ ለማቃጠያ የሚመች ማገዶ አይደለም። የሚበሰብሰውን ለይቶ ማስቀረት ለማቃጠያውም የሚበጅ ነው።

የዙሪያው ከተሞች አርሶ አደር ከዚህ ታሪክ የያዘው ትምህርት አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ቆሻሻ እንጂ ሌላ አይጭንም የሚል ነው። ይህ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት የመጣ ስላልሆነ በስብሰባ ንግግር አይጠፋም። በአቃቂ ወንዝ ተፋሰስ በሚለሙ አትክልቶችና በአፈሩ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረታ ብረቶች መገኘታቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ከቀለም፣ ከባትሪ፣ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣው ብረት አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ በዓመትና በሁለት ዓመት አይወጣም። ስለዚህ በነፃ ይታደላል የሚባለው ኮምፖስት መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ መጠየቁ የአርሶ አደሩ መብት ነው፤ መልስ መስጠቱም የማዘጋጃ ቤቱ ግዴታ።

መልሱ ያለው በመለየት ላይ ነው፤ መለየቱም ከቤት ካልተጀመረ በኋላ አይስተካከልም። በኡጋንዳ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በዘጠኝ ያህል ከተሞች የማዘጋጃ ቤት ኮምፖስት ማምረቻዎች ተተክለው ነበር። አብዛኞቹ የተቸገሩት በአንድ ነገር ነው። የሚደርሳቸው ቆሻሻ የተቀላቀለ በመሆኑ ሠራተኛው ጊዜውን ፌስታል በመልቀም ይጨርሳል፤ የሚወጣውም ኮምፖስት ስብርባሪ ስላለበት ገዢ አያገኝም። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ግን ከ1987 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አንድ ድርጅት በየሰፈሩ አነስተኛ ማበስበሻ እያቋቋመ፣ ከየቤቱ የተለየ ቆሻሻ በጋሪ እየሰበሰበ ሠርቷል። ትልቅ ፋብሪካ ሳይጠበቅ በሰፈር ደረጃ መጀመር እንደሚቻል ማሳያ ሆኖ ይጠቀሳል።

በአገራችንም ልምዱ አለ። በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በሱ ኤድዋርድስ ይመራ የነበረው የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በ1988 ዓ.ም. በትግራይ አራት መንደሮች ከአርሶ አደሮች ጋር የጀመረው የኮምፖስት ሥራ፣ ለዓመታት በተወሰደ የምርት ልኬት በኮምፖስት የለማ ማሳ በኬሚካል ማዳበሪያ ከለማው ጋር የሚተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ አሳይቷል። የከተማ ቆሻሻን በተመለከተም አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የሚበሰብስ ቆሻሻን ወደ ኮምፖስት የመለወጥ ፕሮጀክት ውስጥ ገብተው ነበር። በሕግ በኩልም ክፍተት አለ ማለት አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ ዳግም ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ አስገድዶ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የፀደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ስስ ፌስታል ከጥቅም ውጭ እንዲሆን ደንግጓል። ፌስታል ከቀነሰ ኮምፖስት ይጠራል።

የጎደለው ጥቅሙ የሚከፋፈልበት መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ከቤት ቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት የሚከፈላቸው ገንዳ ድረስ ባደረሱት መጠን ነው። አንድ ሰፈር የሚበሰብሰውን በየጓሮው ካስቀረ የማኅበሩ ጋሪ ይቀልላል፤ ገቢውም ይቀንሳል። ወጣቶቹ ለይታችሁ ሰብስቡ ሲባሉ የማይሞቃቸው ስንፍና ይዟቸው አይደለም። የዙሪያው ከተሞች ይህንን አሠራር እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ ተለይቶ ለቀረበ እርጥብ ቆሻሻ የተሻለ ክፍያ ቢያስቀምጡ፣ ከማስወገጃ መኪና ነዳጅ የሚተርፈው ገንዘብ ለዚህ ይውላል። የተለየው ቆሻሻ በቀበሌው ጥግ ቢበሰብስና የበሰለው ኮምፖስት ለሚፈልግ በነፃ ቢሰጥም ማዘጋጃ ቤቱ አይከስርም። ወደ ሩቅ ቦታ ከሚያጓጉዘው ጭነት ያን ያህል ቀንሶለታልና።

ሰበታ አንድ ተጨማሪ ዕድል አላት። በአዲስ አበባ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ መዛወሩ ይታወሳል። ይህ ደቡብ ምዕራቡ የከተማዋ ጫፍ ለሰበታ የሚቀርብ ነው። ከገበያው የሚወጣው የጥቅል ጎመን ልባስ፣ የተበላሸ ቲማቲም፣ የሙዝ ግንድና የታሸገበት ጭድ ከየቤቱ ቆሻሻ በእጅጉ የጠራ ነው፤ ባትሪም የቀለም ቆርቆሮም የለበትም። የከተማ ኮምፖስት ከየት ይጀመር ቢባል ከገበያ ነው የሚጀመረው።

አፈሩ ሲለያይ አሠራሩም ይለያያል

ሦስቱ ከተሞች ከአዲስ አበባ እኩል ቢቀርቡም አፈራቸውና አየራቸው አንድ አይደለም። አንዱ ጋ የሚሠራው ምክር ሌላው ጋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በጋ ይሰነጣጠቃል። እዚህ ጉዝጓዝ መቼ እንደሚደረግ ማወቅ ምን እንደሚጎዘጎዝ ከማወቅ ይቀድማል። በሐምሌና በነሐሴ ውኃ በጠጣ መደብ ላይ ጭድ ቢነጠፍ አፈሩ አይተነፍስም፤ ቀንድ አውጣ ይራባል፤ ሥር ይበሰብሳል። ክረምት መደቡ ከፍ ተደርጎ በመካከሉ የውኃ መውረጃ ቦይ ይተዋል እንጂ አይጎዘጎዝም። ጉዝጓዙ የሚነጠፈው መስከረም አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ነው። ያን ጊዜ አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ድርቆሽ ወይም ጭድ እርጥበቱን ያቆየዋል፤ መሬቱም እንዳይሰነጠቅ ይከለክላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ለሚመጣው ውርጭ ግን ጉዝጓዝ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ደረቅ ጉዝጓዝ የአፈሩን ሙቀት ከሥር አፍኖ ስለሚይዝ ለስስ ችግኝ ብርዱን ሊያብሰው ይችላል። ችግኙን ማታ ማታ ከላይ በጆንያ ወይም በሣር ዳስ መሸፈን የግድ ነው። ድርቆሹም ፍሬ ያዘለ ከሆነ መደቡ በሣር ይወረራል፤ ፍሬ ሳይይዝ የታጨደ፣ አለበለዚያም ቀድሞ ክምር ውስጥ ሙቀት የበላ ይመረጣል።

ሱሉልታ ፍግ የማይቸግርባት ከተማ ነች። ሆኖም እበቱ በብዛት ኩበት ሆኖ ይሸጣል። ኩበት መጥፈጥፍ የብዙ ሴቶች የዕለት ገቢ ስለሆነ አትሽጡ ብሎ መምከር አይሠራም። ከላሞቹ ሥር የሚወጣው ሽንት የራሰ ጭድና ከግርግም የተረፈው ድርቆሽ ግን ለኩበት አይሆንም፤ ለኮምፖስት ግን ከሁሉ የተሻለው እርሱ ነው። ባዮጋዝ ያለው ቤት ደግሞ ኩበት ሳያቃጥል ያበስላል፤ ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ተደባልቆና ደርቆ ለጓሮ ይውላል።

ቡራዩ ሌላ ነው። ወደ አምቦ መንገድ ሲወጣ አፈሩ ቀይ፣ ብዙ ቦታም አሲዳማ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑን የግብርና ሚኒስቴር መረጃዎች ያመለክታሉ፤ በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ዙሪያ ያለው አካባቢም የዚህ ችግር መማሪያ ሆኖ የቆየ ነው። ለጓሮ ባለቤት ይህ ማለት አመድ አይጣልም ማለት ነው። የእንጨትና የከሰል አመድ አሲድን የማለዘብ ኃይል ስላለው በክምሩ ላይ በየንብርብሩ በእፍኝ ይነሰነሳል። ከእፍኝ ማለፍ ግን አያስፈልግም፤ ብዙ አመድ ከፍግ ጋር ሲገናኝ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያባርረዋል። በሱሉልታና በሰበታ ጥቁር አፈር ላይ አመዱ ቢቀርም የሚጎድል ነገር የለም።

ቡራዩ ላይ በቅርብ የሚገኘው ቅጠል የባሕር ዛፍ ነው። እንዳለ መደብ ላይ ሲነጠፍ ውስጡ ያለው ዘይትና ሌላ ንጥረ ነገር የአትክልት ዘር እንዳይበቅል ያውካል። ለመተላለፊያ መንገድ፣ ለአጥር ሥር ይሆናል፤ ለሰላጣ መደብ አይሆንም። ክምር ውስጥ ከገባም ከሌላው ቅጠልና ከፍግ ጋር በጥቂቱ ተደባልቆ፣ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት። ከየእንጨት ሥራ ቤቱ በነፃ የሚገኘው ሰጋቱራም እንዲሁ ነው። ጥሬውን አፈር ውስጥ የቀበረ ሰው በወሩ ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሰጋቱራው ለመበስበስ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ ነው። ኬሚካል ከተቀባ ጣውላና ከኮምፔንሳቶ የወጣውማ በጭራሽ ወደ ጓሮ መግባት የለበትም።

ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የሚያስወጣው የብቅል አተላ፣ የአበባ እርሻዎቹ የሚጥሉት ግንድና ቅጠል፣ ከየዱቄት ቤቱ የሚወጣው ብናኝ ሁሉ የሚበሰብስ ነው። ሁሉም ግን እኩል አይደለም። የብቅል አተላ ላም የምትበላው ስለሆነ በቀጥታ ክምር ላይ መድፋት ብክነት ነው፤ መጀመሪያ በላሟ ሆድ ይለፍ፣ ከዚያ ፍጉ ይምጣ። የአበባ ተረፈ ምርት ደግሞ ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ የተረጨ ነው። ለከብት መስጠትም፣ እንዳለ ለጓሮ ማንጠፍም አይገባም። እርሻው ራሱ አበስብሶ፣ አስመርምሮ ካልሰጠ በቀር ጓሮው ሳይነካው ቢቀር ይሻላል። በየከተማው ጥግ የሚከመረው የጫት ገረባም ፈጥኖ የሚበሰብስ ጥሩ ግብዓት ነው፤ ሆኖም እርሱም መድኃኒት ሊነካው ስለሚችል ለጉዝጓዝ ከማዋል በሚሞቅ ክምር ውስጥ ማብሰሉ ይመረጣል።

ክምሩና ፌጦው

ክምሩን መሥራት የተለየ ዕውቀት አይጠይቅም። ለበጋ ጉድጓድ፣ ለክረምት ከመሬት በላይ ክምር ይመረጣል። ከሥር አየር እንዲያስገባ የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ ይነጠፋል። ከዚያ አንድ እጅ እርጥብ ነገር ሲገባ ሁለት እጅ ደረቅ ይከተለዋል፤ በየመሐሉ ፍግና አንድ አካፋ አፈር ይጨመራል። ወርዱም ከፍታውም አንድ ሜትር ካልሞላ በተለይ ለሱሉልታ ብርድ አይሞቅም። የእህል እጣቢ ይርከፈከፍበታል። ከክምሩ እፍኝ ተይዞ ሲጨመቅ ጠብታ ውኃ ብቻ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው።

መሐሉ ላይ የሚሰካው ረጅም እንጨት የገበሬው ቴርሞሜትር ነው። በሳምንቱ ተነቅሎ ሲዳሰስ እጅ የሚያስለቅቅ ሙቀት ካለው ክምሩ እየሠራ ነው። ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ለቀናት ከቆየ የአረም ዘርና አብዛኛውን በሽታ አምጪ ተሕዋስ ይገድላል፤ ውጭ ያለው እንዲደርሰው መገልበጥ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። እንጨቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ይፈልጋል፤ የሚገማ ከሆነ ውኃ በዝቶበታል፣ ጭድ ይጨመር። ሥጋ፣ ዘይትና የሰው ዓይነ ምድር አይገባበትም፤ ውሻና አይጥ፣ ከዚያም በላይ በሽታ ያመጣል።

መብሰሉን ለማወቅ የሩቅ ላቦራቶሪ መጠበቅ አያሻም። የበሰለ ኮምፖስት ዝናብ ያባራበት ጫካ አፈር ይሸታል፤ ምን እንደነበረ አይለይም፤ ጭብጥ ሲያደርጉት አይሞቅም። አሁንም ጥርጣሬ ካለ በጣሳ ኮምፖስት፣ በሌላ ጣሳ የለመዱትን አፈር አድርጎ እኩል ፌጦ መዝራት ነው። የውጭ ላቦራቶሪዎችም የኮምፖስትን ብስለት የሚፈትኑት በዚሁ በፌጦ ነው። በሦስትና በአራት ቀን ሁለቱም ጣሳ እኩል ካበቀለና የኮምፖስቱ ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ መደቡ ላይ ሊውል ይችላል። የኮምፖስቱ ፌጦ ከቀረ ወይም ሥሩ ከቡናማነት ካላለፈ ገና ነው፤ ለአንድ ወር ይቆይ። ከማዘጋጃ ቤት በነፃ የሚመጣ ኮምፖስትም በዚህ ፈተና ሳያልፍ ወደ ሰላጣ መደብ ባይገባ ጥሩ ነው። ፌጦ ግን ብስለትን እንጂ ከባድ ብረትን አይለይም፤ ለእርሱ የማከፋፈያ ቦታው ኃላፊዎች በየጊዜው ናሙና አስመርምረው ውጤቱን በር ላይ መለጠፍ አለባቸው። የመስታወት ስብርባሪውንም በወንፊት የሚለየው ሰጪው እንጂ ተቀባዩ መሆን የለበትም።

ኮምፖስቱ መደቡ ላይ ሲደርስ ከላይ ተበትኖ በአንድ ቀን ውስጥ ከአፈር ይደባለቃል፤ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከዋለ ናይትሮጅኑን ያጣል። ጉዝጓዙ የሚነጠፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከችግኙ ግንድ አራት ጣት ራቅ ብሎ። ቆስጣ፣ ሰላጣና የአበሻ ጎመን ፈጥነው ይመልሳሉ። ካሮትና ቀይ ሥር ያልበሰለ ኮምፖስት ካገኙ ሥራቸው ስለሚቀነጠስና ስለሚበታተን ባለፈው ወቅት ኮምፖስት በተደረገበት መደብ ላይ ቢዘሩ ይሻላል።

ጥቅምት ላይ ሣሩ ሲታጨድና ገለባው ሲወቃ የተከመረ ክምር በሰበታና በቡራዩ በሦስትና በአራት ወር ይበስላል፤ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ በመስኖ ለሚለማ አትክልት ይደርሳል። በሱሉልታ የታኅሣሥ ብርድ ስለሚያዘገየው ከላዩ በጭድና በአፈር ተለስኖ እስከ መጋቢት ይጠበቃል። በመጋቢት የተከመረው ደግሞ ለሰኔ የጎመን ችግኝ ይደርሳል።